ሌኒ ለአባቱ የጸለየው

ሚልዋኪ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 2 ቀን 1999

ወንድሜ አይራ፣

ደህና ነን ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆናል፤ ደህና አይደለንም ብዬ ብጀምር ደግሞ ስልክ ትደውላለህ። እባክህ አትደውል። አንተ ስትደውል እማዬ መኝታ ቤት ያለውን ሁለተኛውን ስልክ አንስታ ትንፋሿን ውጣ እንደምታዳምጥ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የምትለኝን ሁሉ በመጋዘኔ ፋክስ ላክልኝ። ማሽኑ ያለው ከምሸጣቸው አሮጌ የሥጋ መቁረጫዎች ኋላ ስለሆነ ከእኔ በቀር የሚደርስበት የለም።

የላክኸው የካርቱንህ ካሴት ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ወትሮው በቴሌቪዥን ከመተላለፉ በፊት እሑድ አብረን አየነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«እሑድ። ብርድ ነው፣ ዝናብ የለም። አባዬ ሶፋው ላይ፣ እማዬ ከኋላው ቆማ። የ‹ጥጋበኞቹ› አዲሱ ክፍል። የሌኒ አባት በምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ ያ በነፋስ የተሞላ ግዙፍ የተርኪ ዶሮ ፊኛ ወድቆበት ሲሞት አባዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ‹ይኼ ልጅ ጤነኛ አይደለም› አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ምስጋና ነው። ከዚያ ሌኒ መቃብሩ ዳር ቆሞ ቃዲሽ ማለት ጀመረ። አባዬ ሳቁን አቆመ። ጸሎቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳይዘለል ተባለ። አባዬ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ‹ይኼ ሌኒ አይደለም። ይኼ አይራ ነው። ልጄ ቀብሮኛል› አለ። እማዬ ካሴቱን በፎጣ ጠቅልላ ጋራዥ ወሰደችው። ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ አያድርም አለች።»

ለአንተ ማስረዳት አልነበረብኝም፤ ግን ሆሊውድ ከገባህ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖሃልና ላስታውስህ። ቃዲሽ ልጅ ለሞተ ወላጁ ቆሞ የሚለው ጸሎት ነው። አባቱ በሕይወት ያለ ሰው ሌሎች ሲሉት ቁጭ ብሎ አሜን ይላል እንጂ እሱ ራሱ አይለውም። የሙታን መታሰቢያ ሲደርስ እማዬ ጆሯችንን ይዛ ከምኩራቡ ታስወጣን የነበረው ለምን ይመስልሃል? ሌኒ የተሳለ ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አባቱን ብትገድልበት ማንም አይቀየምህም። ድምፁ ግን የአንተ ነው። የአንተ አባት ደግሞ ማክሰኞ ኖቬምበር 16 የልቡ ቫልቭ ሊቀየርለት ቀጠሮ አለው።

ወይም ነበረው። ትናንት ለሐኪሙ ደውሎ «አልመጣም» ብሏል። ያ ድምፅ ካልጠፋ ሆስፒታል አይገባም። ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ የነገረኝን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ፦ ልቡ እስከ ዲሴምበር ላያደርሰው ይችላል።

ክፍሉ የሚተላለፈው በቀዶ ሕክምናው ማግስት ነው። ድምፁን ለመቀየር ስንት ቀን እንዳለህ ጻፍልኝ።

ማርቪን


ሎስ አንጀለስ፣ ረቡዕ ኖቬምበር 3

ውድ ማርቪን፣

ይቅርታ። አስቀድሜ ይቅርታ። ፋክስህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ስቄበታለሁ፣ ሁለቴ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ሰውዬ አባዬ ነው? እሑድ እሑድ ሕጋችን የከለከለውን ሽሪምፕ የሚበላው ሶል ዘልኒክ? ሽሪምፕ እየዋጠ ስለ ቃዲሽ ሕግ ይከራከረኛል?

አሁን የሥራውን ነገር ልንገርህ፤ አንተ የምትረዳው እሱን ነው። እኛ መጀመሪያ ድምፁን እንቀዳለን፣ ሥዕሉ የሚሳለው ከድምፁ በኋላ ነው። ሥዕሎቹ ኮሪያ ሄደው ተስለው መጥተዋል። የሌኒ አፍ የሚከፈተውና የሚዘጋው በእኔ ትንፋሽ ልክ ነው፤ የት እንደተነፈስኩ፣ የት ድምፄ እንደተሰበረ ሁሉ ተስሏል። ጸሎቱን ቆርጬ ባወጣው አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የሚሆን ቀዳዳ ይቀራል፤ የምሞላበት የለኝም። ሌላ ሰው ቢለው አፉና ቃሉ አይገጥሙም። አለቃዬ ግዌን ደግሞ በስድስት ዓመት ውስጥ የሠራነው ጥሩ ነገር ያቺ ደቂቃ ብቻ ናት ትላለች። «ከነካሃት እጅህን እቆርጠዋለሁ» ብላኛለች፤ ስትቀልድ አልነበረም።

የመጨረሻው የድምፅ ቅልቅል ረቡዕ፣ ኖቬምበር 10 ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።

እማዬ ምን አለች? ስሜን ጠራችው?

አይራ


ሚልዋኪ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 4

አይራ፣

ስምህን አልጠራችም። «ያ ሰውዬ» ነው የምትልህ። ሾርባ ስትቀዳ ግን ለአንተም ሳህን አውጥታ መልሳ ከትታዋለች፤ ከዚህ በላይ ልነግርህ አልችልም።

ስለ ሽሪምፑ ነገርኩት። «ሽሪምፑ በእኔና በአምላክ መካከል ነው፤ ይኼ ግን ስለ እኔ ከጀርባዬ የተላከ ነው» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው መሆኑን አትርሳ። ንግግሩን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦

«ስማ ማርቪን፣ በላይኛው ቢሮ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም። ሰው ይኑር አይኑርም አላውቅም። ደብዳቤ ግን አውቃለሁ። ደብዳቤ ከተላከ ይደርሳል። ልጄ አባቴ ሞቷል ብሎ፣ በገዛ ድምፁ፣ ሙሉውን አመልክቷል። አሁን እኔ ማክሰኞ በገዛ እግሬ ሄጄ፣ ደረቴን ከፍቼ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ‹አዎ ትክክል ነው፣ ፋይሉን ዝጉት› ልበላቸው?»

«አባዬ፣ ካልሄድክ ትሞታለህ» አልኩት።

«ያኔ ቢያንስ በእነሱ የወረቀት ስህተት አልሞትኩም» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ትደራደራለህ? የከሰረ ሬስቶራንት ባለቤት ምድጃውን በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥልኝ ማሳመን ከዚህ ይቀላል።

ግን ጨምቄ ጨምቄ ሁለት ነገር አውጥቻለሁ። አንደኛ፣ የአንተ ድምፅ እንዲጠፋ፤ ካሴቱም፣ ዋናውም፣ ቅጂውም። ሁለተኛ፣ ጸሎቱ ራሱ ይውጣ አላለም። ይህ አስገርሞኛል። «ቃዲሽ ከተጀመረ በኋላ አይቆረጥም፤ ወላጅ የሞተበት ሰው ይበለው። ባለቤት ይኑረው» ነው ያለው። ስለዚህ አባት ወይም እናት የሞተበት፣ እንደ ሌኒ መናገር የሚችል ሰው ፈልግ።

አሁን እኔ ደግሞ ልጠይቅህ። በቲያትር ቃዲሽ የሚሉ ሰዎች ቃል እየዘለሉ፣ የአምላክን ስም እየለወጡ እንደሚሉት እኔ ምድጃ ነጋዴው እንኳ አውቃለሁ። አንተ አታውቅም አትበለኝ። ለምን ሙሉውን አልከው? የሚደራደረው ሰው የእቃውን ጉድለት ማወቅ አለበት። እውነቱን ጻፍልኝ።

ማርቪን


ሎስ አንጀለስ፣ ዓርብ ኖቬምበር 5

ማርቪን፣

ይህን ካነበብክ በኋላ ቅደደው። ማስታወሻህ ላይም አትገልብጠው።

ሴፕቴምበር ላይ የምርመራውን ውጤት ነግረኸኝ ስልኩን ስትዘጋው፣ ቃዲሽን እንደማላውቀው ትዝ አለኝ። ጀርመንኛ እርግማን በአራት ዓይነት አውቃለሁ፤ ይህን አላውቅም። አንተ ከአባዬ ጎን ተቀምጠህ ስታድግ ሰምተኸዋል። እኔ ወይ ውጭ ነበርኩ ወይ ተኝቼ ነበር። ቀብሩ ላይ ወረቀት ይዤ ስንተባተብ፣ የእማዬ እህቶች ሲያዩኝ፣ አንተ ከጎኔ ሆነህ ቃሉን በሹክሹክታ ስታቀብለኝ ታየኝ።

ካሴት ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ እለው ነበር። ከዚያ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማኝ፣ ሳልወድቅ ልጨርሰው እንደምችል ማወቅ ፈለግሁ። በራሴ ድምፅ አልደፈርኩም። በሌኒ ደፈርኩ። ክፍሉን የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ተርኪው፣ ሰልፉ፣ ቀልዱ ሁሉ ሰበብ ነው።

እየተለማመድኩ ነበር፣ ማርቪን።

ለአባዬ እንዳትነግረው።

አይራ


ሚልዋኪ፣ እሑድ ኖቬምበር 7

አይራ፣

የዓርቡ ደርሶኛል። ስለሱ ዛሬ አልጽፍም።

ትናንት ማታ የላክኸውን ካሴት በመንገደኛ እጅ ተቀብያለሁ። ጸሎቱን እንዲሉልን ያስቀዳሃቸውን ሦስቱንም ሰዎች ሰማኋቸው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ድምጿ ሌኒን ይመስላል፤ ግን አባቷ በሕይወት አለ፣ ጎልፍ ይጫወታል ብለሃል፤ እሷን ለምን እንደላክሃት አልገባኝም። ሁለተኛው አባቱ ሞቶበታል፣ ጸሎቱንም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ድምፁ ግን ሌኒ በአንድ ሌሊት ጢም አብቅሎ ያደረ ያስመስለዋል። ሦስተኛው በየመሀሉ ማልቀስ ያበዛል። አባዬ ሰምቶ «ይኼ የማንን ቀብር ነው የሚያለቅሰው? የውሻውን?» አለ። ራሱ ሊሞክረው ፈልጎ ነበር፤ እሱም እኮ ወላጆቹ ሞተውበታል። ግን በእሱ አፍ ሌኒ የጭነት መኪና ይሆናል።

ሦስቱንም ጣልናቸው። እኔም ተስፋ ቆርጬ ኮቴን ስለብስ እማዬ ከወጥ ቤት በስልክ ስትጮህ ሰማሁ። ከመድኃኒት ቤቱ ልጅ ጋር ነበረች።

«አይ የኔ ጌታ፣ ‹ነገ› አላልክም። ‹ዛሬ› ነው ያልከው። ስምህን ጽፌዋለሁ። የአለቃህንም እጽፈዋለሁ። እናትህ ትምህርት ቤት የላከችህ እኔን እንድታንከራትት ነው?»

እጄ እጅጌዬ ውስጥ እንደገባ ቆምኩ። ያ ሌኒ ነው። ያ ጩኸት፣ ያ በአፍንጫ የሚወጣ ቁጣ፣ ቃሉ ጫፍ ላይ የሚቀጥነው ነገር። ስድስት ዓመት ስሰማው ከየት እንደሰረቅኸው አላወቅሁም ነበር፤ ዓይኔ ሥር ነበረች።

«እማዬ» አልኳት ስትዘጋ፣ «ሌኒን ታውቂዋለሽ?»

«እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው? ወንድምህ በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ሲያላግጥብኝ የማላውቅ መሰለህ? ፀጉር ሠሪዬ ሳትቀር አውቃለች።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ልጄን ልክሰስ? ደግሞ ያ ሌኒ ጎበዝ ልጅ ነው፤ መልስ አያጣም።»

ጸሎቱን እንድትለው ጠየቅኋት። ሳህን ማጠቧን አላቆመችም። አባቷ ሌብ የሞተው በ1941፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው፣ እኔም የማላውቀው፣ ማንም ልጁ ሆኖ ቃዲሽ እንዳላለለት ነው። ወንድ ልጅ አልነበረውም። የምኩራቡ ማኅበር አንድ ሽማግሌ መደበለት። «ጉንፋን ይዞት ነበር» አለችኝ፣ «እንደ ባቡር ሰዓት ዝርዝር አነበነበው። እኔ ከሴቶቹ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ቃሉን በሙሉ አውቀው ነበር። አፌን እንዳልከፍት አክስቴ እጄን ይዛኛለች።» ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣ «የት ነው የሚቀዳው?» አለች።

ስቱዲዮ እንዳትከራይ። ማንም ባለ ስቱዲዮ እሷን ለሁለት ሰዓት አይችላትም። ባለፈው ወር ከተዘጋ የዓሣ ቤት ያመጣሁት ትልቅ የማቀዝቀዣ ክፍል መጋዘኔ ውስጥ አለ። ግድግዳው አንድ ስንዝር ውፍረት አለው፣ ሞተሩ ተነቅሏል፣ በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለው። ገብቼ ዘግቼ ጮህኩ፤ ሠራተኛዬ ውጭ ቆሞ ምንም አልሰማም። የመቅጃውን ዕቃ ነገ በመጀመሪያው አውሮፕላን ላክ።

ማርቪን


ሎስ አንጀለስ፣ ሰኞ ኖቬምበር 8

ማርቪን፣

መቅጃው ተልኳል። ድምፅ አልባውን ሥዕልም ልኬልሃለሁ። እባክህ ከማይክሮፎኑ አንድ ክንድ ትራቅ፤ አምባሯን ታውልቅ፤ ከረሜላ አፏ ውስጥ አይኑር። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስድስት ቦታ ላይ ትንፋሽ አለ፣ ቁጥሩን ሥዕሉ ላይ ጽፌልሃለሁ፤ አራተኛው ላይ ረጅም ዝምታ አለ፣ እዚያ እንዳትቸኩል። የእኔን ቅጂ ሰምታ ብትከተለው ይቀላት ነበር።

አትሰማውም፣ አይደል?

ለግዌን አልነገርኳትም። ነገ ሌሊት ካልደረሰልኝ ሥራዬን አጣለሁ። ሥራዬ ግድ የለም። ለአባዬ ሐኪም ደውለህ ቀጠሮውን ያዝ አድርግልን በለው። ለምነው።

አይራ


ሚልዋኪ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 9

አይራ፣

የተቀዳው ካሴት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተጭኗል። ደረሰኙን በዚህ ፋክስ ልኬልሃለሁ። ሐኪሙ ቦታውን እስከ ዓርብ ይዞታል።

ስለጠየቅኸው ልመልስ። አይ፣ የአንተን አልሰማችም። «እሱ ያለውን ጆሮዬ ውስጥ አላስገባም» አለች። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከበሩ ውጭ አቁሜ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ እኔ ሥዕሉን እያየሁ በመስታወቱ በኩል በጣቴ ምልክት ሰጠኋት። የሌኒ አፍ ሲከፈት እጄን አነሳለሁ፣ ሲዘጋ አወርዳለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ጨረታ ላይ እጄን ሳነሳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ማቀዝቀዣው እንደማይሠራ እየነገርኳት ካፖርቷን ለብሳ ገባች። አምባሯን አወለቀች። ከረሜላውን ዋጠችው። በርጩማ ሳቀርብላት «ቁጭ ብሎ የሚባል ነው እንዴ?» ብላ ገፋችው።

አባዬ አትምጣ ብዬው መጣ። ከበሩ አጠገብ የድስት ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። «ሌብን አላውቀውም» አለኝ፣ «እኔ ሳገባት ከሞተ ቆይቷል። ግን ቃዲሽ ሲባል አሜን የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ለብቻዋ ለማቀዝቀዣ ልትነግረው ነው?»

በመጀመሪያው ቅጂ ቸኮለች። ሁለተኛው ላይ በጣቴ ተናደደች፤ መቅጃው እየሠራ በሩን ከፍታ «እንደ ፖሊስ አታውለብልብብኝ» አለች በሌኒ ድምፅ፤ አባዬ ሳቀ፣ እሱም ተቀዳ። ሦስተኛው ላይ እንዴት ልበልህ፣ እሷን አየኋት እንጂ የተመለሰችበትን ያንን ጊዜ አላየሁትም። ዓይኗን ጨፈነች። ምልክቴን ማየት ተወች። ጣቴን አነሳለሁ፣ እሷ ቀድማ ጀምራለች። አራተኛው ትንፋሽ ላይ፣ አንተ አትቸኩሉ ያልክበት ቦታ፣ ቆመች። በጣም ረጅም መሰለኝ። ሥዕሉን አየሁ፤ ሌኒም እንደቆመ ነው። አባዬ በሩን ከፈት አድርጎ፣ ሊረዳት ይሁን ሊያያት አላውቅም፣ «አሜን» አለ። ቀጠለች፣ ጨረሰችም።

ስትወጣ «አፌ ደርቆብኛል፣ ውኃ ስጡኝ» ብቻ ነው ያለችው። መኪና ውስጥ ግን «ያ ልጅ ተቀበለኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የቱ ልጅ አልኳት። «ሌኒ ነዋ» አለች።

እሱን ነገ ንገረኝ።

ማርቪን


ሎስ አንጀለስ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 11

ማርቪን፣

ገጠመ። ንገራት። ሁለት ቦታ ላይ ትንሽ ጎትቼዋለሁ፤ የቀረው ልክ ለእሷ የተሳለ ይመስላል። ግዌን ሰምታ ከክፍሉ ወጣች፤ ተመልሳ መጥታ ማን እንደሆነች ጠየቀች። «የሌኒ እናት ናት» አልኳት።

አንድ ጭቅጭቅ ብቻ ነበረን። የአባዬ አሜን ከሩቅ ይሰማል። ግዌን «በዚያ መቃብር ላይ ሌላ ሰው የለም፤ አጥፋው» አለች። አላጠፋሁትም።

የእኔን ቅጂ ሁሉ በእጄ አጥፍቻለሁ። ቴክኒሻኑ ምስክሬ ነው፤ ፊርማውን ከዚህ በታች ታገኛለህ። አባዬ ወረቀት ይወዳል።

አውሮፕላን ቲኬት ገዝቻለሁ። አሁን መልስልኝ፦ ይገባል ወይስ አይገባም?

አይራ


ሚልዋኪ፣ ዓርብ ኖቬምበር 12

ይገባል። ጋራዥ የነበረውን ካሴት ፊቱ ሰባበርኩት፤ ዛሬ ጠዋት የቴክኒሻኑን ፊርማ በመነጽሩ አይቶ፣ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ራሱ ለሐኪሙ ደወለ።

አንተ ግን ቲኬቱን መልስ። «ሁለቱም ልጆቼ አልጋዬ ዙሪያ ከቆሙ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ ለማንም ምክንያት አልሰጥም» ብሏል። እማዬም «አባታችሁ ሲነቃ አይራ ይምጣ» ብላለች። አዎ፣ ስምህን ጠርታለች።

ማርቪን


ሚልዋኪ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 18

ወንድሜ አይራ፣

ከሆስፒታል ስደውልልህ መትረፉን ብቻ ነበር የነገርኩህ፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ስምንት ሰዓት ጠብቄ ነበር። ስልኩ ላይ ሁለት ጊዜ «ነገርከው ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት እማዬ ክርኔ ሥር ስለነበረች ነው።

ነግሬዋለሁ። ሰኞ ከሰዓት፣ የሆስፒታሉን ቦርሳ ስናዘጋጅ። እንዳልነግረው ለምነኸኝ ነበር፤ ይቅርታ። ነገር ግን ልጁ ሞቱን የተመኘ እየመሰለው ወደዚያ ክፍል ሊገባ ነበር። ድምፁ ጠፍቷል፣ ያ ሐሳብ ግን አልጠፋም ነበር። የዓርቡን ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። አነበብኩለት። ስጨርስ «እንደገና» አለኝ። እንደገና አነበብኩለት። ካልሲውን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ማክሰኞ ጠዋት በጋሪው ሲገፉትም ስለ ደብዳቤው አላነሳም። ያን ስምንት ሰዓት፣ ያነበብኩለት ስህተት ይሆን እንዴ እያልኩ ነው የጨረስኩት። ማስታወሻዬ ላይ የዚያን ቀን ከቀኑ በቀር የጻፍኩት የለም።

ትናንት ክፍሉ ሲተላለፍ እሱ ተኝቶ ነበር። እማዬ የአልጋውን ዳር ይዛ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ ብቻዋን አየችው።

ዛሬ ጠዋት የጉሮሮውን ቱቦ አወጡለት። ነርሷ እንዳይናገር ከልክላዋለች። እጁን አነሳና ጠራኝ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፁ እንደ አሸዋ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ እንዲህ አለኝ፦

«ለአይራ ጻፍለት። የቃዲሹን ፈተና አልፏል። ቦታው ግን ገና አልተለቀቀም።»

ማርቪን